ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የራሱ ቡድን ያስፈልገዋል

የተጠማዘዘ አንጀት ቀጠሮ አይጠብቅም። የደም ዝውውሩ ሲቋረጥ የአንጀቱ ክፍል በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ ቀጥሎም ይበሳል። ይህ ሕመም በአገራችን ለአንጀት መዘጋት ዋነኛ ከሆኑት መንሥኤዎች አንዱ ነው። ሆኖም በብዙ ሆስፒታሎች ድንገተኛ ሕመምተኛ የሚደርሰው በቀጠሮ ሥራ ለተጠመደ ሐኪምና ለተያዘ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው።

የእኛ አስተያየት ቀዶ ሐኪም፣ የሰመመን ባለሙያና ነርሶች ያሉት፣ ከቀጠሮ ሥራ ነፃ የሆነ ቡድን የራሱ ክፍል ተሰጥቶት ቀንና ሌሊት ይመደብ የሚል ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆድ የሚከፈትባቸው ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናዎች በአገር አቀፍ ደረጃ ይመዘገባሉ። በ30 ቀናት ውስጥ የሚሞቱት መጀመሪያ ከ11 በመቶ በላይ ነበሩ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10 በመቶ በታች ወርደዋል። ለዚህም ፈጣን ምርመራ፣ ልምድ ያለው ሐኪም መገኘቱና የጽኑ ሕሙማን ክትትል ድርሻ አላቸው። እነዚህን በሰዓቱ ለማቀናጀት ግን ኃላፊነቱ የታወቀ ቡድን ያሻል።

«ባለሙያው ጥቂት ነው» የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው። ይሁንና ባለሙያ ሲያንስ የሥራ ክፍፍል ይበልጥ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሆስፒታል ሕመምተኛው ከደረሰበት እስከ ቀዶ ሕክምናው ያለውን ሰዓት በመመዝገብ ይጀምር። ያልተለካ መዘግየት አይታረምምና።