«ጥርስ ነው» እያልን ልጅ አንቅበር

የዕድሜ እኩዮቼ፣ አያት ለመባል የበቃችሁ እናቶችና አባቶች፤ ይህን የምጽፈው ለወጣት ወላጆች አይደለም። እነርሱን የሚመክር ሞልቷል። የማስጠነቅቀው እናንተን፣ ቀኑን ሙሉ የልጅ ልጅ ታቅፋችሁ የምትውሉትን ነው። እናት ሥራ ውላ ትገባለች፤ አባት እንጀራ ፍለጋ ወጥቶ ይመሻል። ሕፃኑ ሲያተኩሰው፣ ሲያስለው፣ ሲያስቀምጠው ከአጠገቡ ያለነው እኛ ነን። ለበሽታው ስም የምናወጣለትም፣ «ሐኪም ቤት ይሂድ» ወይም «ይቆይ» የምንለውም እኛ ነን። ምራት የአማቷን ቃል ደፍራ አትሽርም፤ ልጅም እናቱን «ተሳስተሻል» ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ ከአፋችን የምትወጣው ቃል ልጅ ታድናለች፤ ልጅም ትገድላለች።

ከሁሉ የምፈራት ቃል «ጥርስ ሊያበቅል ነው» የምትለዋ ናት። ልጁ ስድስት ሰባት ወር ሲሆነው ተቅማጥ ይይዘዋል፤ እኛም ይህችኑ ተናግረን እንቀመጣለን። ጥርስ ሲበቅል ድድ ያሳክካል፣ ለሃጭ ያዝረበርባል፣ ልጁን ነጭናጫ ያደርገዋል። ተቅማጥና ብርቱ ትኩሳት ግን አያመጣም። በዚያ ዕድሜ ተቅማጥ የሚበረታው ልጁ ምግብ የሚጀምረው፣ መሬት ለመሬት የሚድኸውና ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚከተው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ነው። በሽታው የሚገባው ባልታጠበ እጅ፣ ባልፈላ ውሃ፣ በደንብ ባልተቀቀለ ጡጦ፣ ጠዋት ተሠርቶ እስከ ማታ በቆየ አጥሚት በኩል ነው። ጥርሱ በአጋጣሚ አብሮ ስለበቀለ በከንቱ ይታማል።

ይህችን ቃል ተከትሎ የሚመጣው ደግሞ ይብሳል። «የወተት ጥርሱ ነው ያስቸገረው» ይባልና ልጁ ለአውላቂ ይሰጣል። ድዱ በስለት ተሰንጥቆ ገና ያልወጣው ጥርስ ተፈልቅቆ ይወጣል። አውላቂው «ትሉ ይኸው» ብሎ የሚያሳየን ነጭ ነገር ትል አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ የጥርስ እምቡጥ ነው። ልጁ ደም ይፈሰዋል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽ ይችላል። ተቅማጡ ግን እንደነበረ አለ።

የእንጥልም ነገር እንዲሁ ነው። ሕፃኑ ሲያስለው ወይም ጡት አልይዝ ሲል «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብለን እናስቆርጠዋለን። እንጥል የሌለው ሰው የለም፤ ጉሮሮ ሲቆጣ አብሮ ያብጣል እንጂ ራሱ በሽታ አይደለም። ከልጅ ልጅ የሚዞር ምላጭ መንጋጋ ቆልፍንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ደሙ አልቆም ብሎ የሞተም ሕፃን አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንዲህ ያለውን ጎጂ ልማድ የሚፈጽመውን ብቻ ሳይሆን የሚተባበረውን ወላጅና ሌላ ሰውም እንደሚቀጣ እወቁ።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ልጁን እንየው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እንባ ሳይኖረው ካለቀሰ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ስትለቁት ቶሎ ካልተመለሰ ሰውነቱ ውሃ አልቆበታል። እርግብግቢቱ ሲሰረጉድ ቅቤ የምንቀባው እኛ ነን፤ የጎደለው ግን ቅቤ ሳይሆን ውሃ ነው። ኦ አር ኤስ የሚባለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር አንዱ ፓኬት ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። ከ2 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይጠጣ፤ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡት። ጤና ባለሙያው የሚያዝለትን የዚንክ እንክብል፣ ተቅማጡ ቢቆምም እንኳ 10 ቀን ሙሉ ይውሰድ። «ሆዱ ይረፍ» ብላችሁ ጡትና ምግብ አትከልክሉት፤ የታመመን ልጅ ማስራብ ጉልበቱን መንጠቅ ነው። ሰገራው ደም ከተቀላቀለበት፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ከደነዘዘ ግን በቤት አታቆዩት።

ሳል ሲይዘው ደግሞ እንጥሉን ትታችሁ ትንፋሹን ቁጠሩ። ሳያለቅስ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ደረቱን ተመልከቱ። ከ2 ወር በታች የሆነው 60፣ ዓመት ያልሞላው 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ሲተነፍስ ደረቱ ከታች ወደ ውስጥ ከገባም ሌሊት ነው፣ ዝናብ ነው ሳትሉ ውሰዱት።

አራስ ቤት ውስጥ ያለን ሥልጣን ከሁሉ ይበልጣል፤ በዚያም እንጠንቀቅ። አዲስ የተወለደ ሕፃን አፍ ውስጥ ቅቤ አትጨምሩ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቢጫውን የመጀመሪያ የጡት ወተት፣ እንገሩን፣ «ቆሻሻ ነው» ብላችሁ አታስደፉት፤ ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቀው እርሱ ነው። እስከ 6 ወር ከእናቱ ጡትና ሐኪም ካዘዘለት መድኃኒት በቀር ውሃም ሆነ የአብሽ ውሃ አይቅመስ። እትብቱ ላይ ቅቤም እበትም አይቀባ፤ መንጋጋ ቆልፍ በዚያ ይገባል። የአራሷን ክፍል ዘግታችሁም ከሰል አታንድዱበት።

ልጁ ከፍ ሲል ደግሞ አደጋው ምድጃችን ዘንድ ነው። ጀበናው የሚፈላው ልጁ እጁን በሚዘረጋበት ቁመት ላይ ነው። ከተቃጠለ 20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ አፍስሱበት እንጂ ቅቤ፣ እንቁላል ወይም የጥርስ ሳሙና አትቀቡት። ለቡና ቁርስ የቀረበውን ቆሎና ለውዝ ለትንሽ ልጅ አታቅምሱ፤ ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላል። ላምባና በረኪና በውሃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ጠጥቶ ከተገኘ ለማስመለስ ሳትሞክሩ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

«እኛም በዚሁ አድገናል» የምትሉኝ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ያደግነው ነን ይህን የምንናገረው፤ ያላደጉት አፍ የላቸውም። እናቶቻችን የወለዷቸውን ሁሉ አላሳደጉም፤ ስንቶቻችን ነን ታናሽ ወይም ታላቅ ወንድም በሕፃንነቱ የተቀበረብን? እናቶቻችንን አልወቅስም፤ በእጃቸው ያለውን ሁሉ አድርገዋል። ክትባት፣ ኦ አር ኤስ፣ ጤና ጣቢያ በደጃቸው አልነበረም። ለእኛ ግን አለ። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞች እስከ ገጠር ቀበሌ ድረስ ተሰማርተዋል። ዛሬ እንደ ትናንቱ የሚያደርግ ሰው የእናቶቻችንን ምክንያት ሊጠቅስ አይችልም።

እሹሩሩ ማለቱን፣ አዝሎ ማስተኛቱን፣ ተረቱን፣ አራስ መጠየቁን አጥብቀን እንያዝ፤ ይህ የእኛ ሀብት ነው። ስለቱን ግን ከልጅ አፍ እናርቅ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትን አስቡ። ልጅ ሲታመም ከአፋችሁ የምትወጣው የመጀመሪያዋ ቃል «ጤና ጣቢያ ውሰዱት» የምትል ትሁን። ምራታችሁ ልጇን አቅፋ ልትወጣ ስትነሣ «ቆዪ» አትበሏት፤ ነጠላችሁን ደርባችሁ አብራችኋት ሂዱ። ጎረቤታችሁ ልጅ ይዞ ወደ አውላቂ ሲሄድ ብታዩም ዝም አትበሉ። ይህን አውቆ ዝም ያለ አያት በልጁ ሞት ተጠያቂ ነው።