የቆቦን ሟቾች ቆጥረን አልጨረስንም

ጳጉሜ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በራያዋ ቆቦ ከተማ የሆነውን ዓለም የሰማው ዘግይቶ ነው። ከተማዋ በህወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች፤ ስልክ የለም፣ መብራት የለም። በዙሪያዋ ያሉ ገበሬዎች ነፍጣቸውን አንስተው ስለገጠሟቸው ታጣቂዎቹ ቂማቸውን የተወጡት ከተማ ውስጥ ባገኙት ሰላማዊ ሰው ላይ ነበር።

ሂዩማን ራይትስ ዎች ከሦስት ወር በኋላ ባወጣው መግለጫ፣ በዚያ ቀን በአራት የተለያዩ ድርጊቶች 23 ሰዎች መረሸናቸውን አስታወቀ። ለራያ ሰው ቁጥሩ ያንሳል። ይሁንና 23 ማለት ምስክር የተገኘላቸው ብቻ ናቸው፤ ያለቀው ሰው ሁሉ ይህን ያህል ነው ማለት አይደለም። በወሬ ከተነገረ መቶ ይልቅ ተጣርቶ የተመዘገበ 23 ፍርድ ቤት ፊት ይቆማል።

አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ተጨማሪ ማስረጃ አቀረበ። ያነጋገራቸው የዓይን እማኞች ጭንቅላታቸውን፣ ደረታቸውን ወይም ጀርባቸውን በጥይት የተመቱ፣ አንዳንዶቹም እጃቸው ወደ ኋላ የታሰረ አስከሬኖች አግኝተዋል። የሳተላይት ምስልም በቅዱስ ጊዮርጊስና በቅዱስ ሚካኤል አብያተ ክርስቲያናት ግቢ አዳዲስ መቃብሮች መቆፈራቸውን አሳየ።

አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ይኸው ድርጅት የኤርትራ ወታደሮች አክሱም ላይ የፈጸሙትን ጭፍጨፋ ያጣራው በዚሁ ዘዴ ነበር፤ በዓይን እማኞች ቃልና በሳተላይት ምስል። ያኔ መንግሥት ዘዴውን አጣጣለው፤ ብዙዎቻችንም አብረን ተሳለቅን። የቆቦው ሲወጣ ግን ያንኑ ዘዴ አመነው፤ የትናንት አማኞች ደግሞ በተራቸው ተጠራጣሪ ሆኑ። የሟቹን ብሔር አይቶ ማስረጃ የሚመዝን አንባቢ ለጋዜጠኛ ከሳንሱር የባሰ ነው።

ሳንሱሩም ቢሆን አልቀረም። ለአሶሼትድ ፕሬስ የሚሠራው አሚር አማን ኪያሮ በኅዳር 2014 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ተይዞ፣ ክስ ሳይመሠረትበት አራት ወር ታስሮ በዋስ ተፈቷል።

የሂዩማን ራይትስ ዎችና የአምነስቲ ሪፖርቶች በዚህ አካባቢ ያተኮሩት በቆቦ ከተማ ላይ ነው። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያሉት ጎብዬና ሮቢት፣ ከመንገዱ ገባ ያሉት ማሽላ አብቃይ ቀበሌዎችም የራሳቸውን ዘጋቢ ይሻሉ። ሥራው ደግሞ የውጭ ድርጅት አይጠይቅም። የእድር መዝገብ አለ፤ ፍትሐት ያደረሱ ካህናት፣ ሶላተል ጀናዛ ያሰገዱ ኢማሞች አሉ። አንድ የክልል ጋዜጣ አንድ ዘጋቢ ለጥቂት ወራት ቢመድብ ስም በስም ማጣራት ይቻላል፤ እርግጥ ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ስላለ መንገዱ እንደልብ አያስኬድም።

አስቸጋሪዎቹ የቀን ሠራተኞቹ ናቸው። አምነስቲ ቆቦ ላይ ከተገደሉት መካከል እነሱም እንዳሉበት ጠቅሷል። ለሥራ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው በከተማው እድር የለውም፤ የሚያለቅስለት ዘመድ ያለው በመጣበት አገር ነው። ስለዚህ ዘጋቢው የቆቦን መዝገብ ሲጨርስ ሠራተኞቹ የወጡባቸውን ወረዳዎች እየዞረ፣ በጳጉሜ 2013 ለሥራ ሄዶ ያልተመለሰ እንዳለ መጠየቅ ይኖርበታል።