ለባለትዳሮች፦ የቤት ቅድመ ክፍያና የስጦታ ደብዳቤ

በአሜሪካ የምትኖሩ ባለትዳሮች፣ የ400,000 ዶላር ቤት በኤፍኤችኤ ብድር ለመግዛት ቢያንስ 3.5 በመቶ፣ ማለትም 14,000 ዶላር ዳውን ፔይመንት ያስፈልጋል። ይህ ስላልሞላላችሁ ከወንድም የተበደራችሁትን «ስጦታ ነው» ብላችሁ ለባንክ አታቅርቡ። በስጦታው ደብዳቤ ላይ ሰጪው ገንዘቡ እንደማይመለስለት ይፈርማል፤ ወንድማችሁን የሐሰት ምስክር ታደርጉታላችሁ። በሕግም ያስቀጣል።

ይልቅስ የከተማችሁን ወይም የስቴታችሁን የቅድመ ክፍያ እርዳታ ጠይቁ። በብዙዎቹ ዘንድ ላለፉት 3 ዓመታት የራሱ ቤት ያልነበረው ሰው እንደ አዲስ ገዢ ስለሚቆጠር፣ ቀድሞ ቤት የነበራችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ግን እርዳታ ሲባል ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ብድር ነው፤ ወለድ ባይኖረውም ቤቱ ሲሸጥ የሚመለስ አለ። እኅቶች ሆይ፣ «እርሱ ያውቃል» ብላችሁ አትፈርሙ። ብዙዎቹ የቤት ገዢዎች ትምህርት ስለሚጠይቁ ሁለታችሁም አብራችሁ ግቡ።