ሥራ ከሕመምተኛ እጅ አይወሰድ

በቤት ውስጥ አእምሮው የታመመ ሰው ሲኖር ፍቅራችንን የምንገልጽለት ብዙውን ጊዜ «አንተ ዕረፍ፤ እኛ እንሠራልሃለን» በማለት ነው። ልብሱን እናጥብለታለን፤ ማዕዱንም ከተኛበት እናደርስለታለን። ይህ ከርኅራኄ የሚመጣ ቢሆንም፣ ሥራው ሁሉ ከእጁ የተወሰደበት ሰው ቀኑ ባዶ ይሆንበታል፤ «ለምንም አልጠቅምም» የሚለውም ዐሳብ በሕመሙ ላይ ሌላ ሕመም ይጨምርበታል።

የተወደዳችሁ አንባቢያን፤ ሕመምተኛን በዕለት ሥራው አማካይነት ወደ ኑሮው የሚመልስ ሙያ አለ፤ ስሙም ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። በዚህ ሙያ ዘንድ ሥራ ማለት ደመወዝ የሚገኝበት ብቻ ሳይሆን፣ ፊትን መታጠብ፣ ወጥ መሥራት፣ ከልጆች ጋራ መጫወትም ነው። ዕድሜያቸውን ለዚህ ጥናት ከሰጡት ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ጋሪ ኪልሆፍነር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1949 ተወልደው በ2010 ያረፉት እኚህ ሊቅ፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከሜሪ ራይሊ እግር ሥር ተምረዋል። ራይሊም በ1961 ባሰሙት ንግግር፣ ሰው በአእምሮውና በፈቃዱ እየተመራ እጆቹን ሲያሠራ የገዛ ጤናውን ሊለውጥ እንደሚችል አስተምረው ነበር።

ተማሪያቸው ይህን ዐሳብ በጥናት መሠረት ላይ አቆሙት። በ1980 ከባልደረባቸው ከጃኒስ በርክ ጋራ ባሳተሙት ትምህርት፣ ባለሙያው ስለ ሕመምተኛው አራት ነገር እንዲመረምር አመለከቱ፤ ይኸውም የሚወደውንና «እችላለሁ» ብሎ የሚያምነውን፣ ልማዱን፣ ችሎታውን፣ የሚኖርበትንም አካባቢ ነው። ኋላም በቺካጎ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ፣ ምርምር ሕሙማንን ከሚረዱ ባለሙያዎች ተለይቶ በመጽሐፍ ብቻ እንዳይቀር ደከሙ።

እኛም በቤታችን እነዚህን አራት ነገሮች ልንመረምር እንችላለን። ቡና ማፍላት ትወድ የነበረች እኅት ታማ እንደ ሆነ፣ አስቀድሞ ሲኒውን ብቻ ትደርድር፤ በየቀኑም በዚያው ሰዓት ይሁን። ይህ ሲቀላት ቡናውን ትልቀም፤ ኋላም ሰው አጠገብዋ ሆኖ ትቁላው። ጫጫታ የሚያስጨንቃት ከሆነ ጸጥ ያለ ስፍራ ይዘጋጅላት። «አልችልም» ባለች ቀን አትገደድ፤ በግድ የተጫነ ሥራ መድኃኒት አይሆንምና። ሐኪም ያዘዘላት መድኃኒትም በዚህ ምክንያት አይቋረጥ።

ለታመመ ወገናችን ዕረፍት መስጠት መልካም ነው። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ የሚጠበቅበት አንዳች ነገር ያለው ሰው፣ ነገ ከመኝታው የሚነሣበት ምክንያት አለው። ስለዚህ ሥራውን ሁሉ ከእጁ ከመቀበላችን አስቀድሞ፣ «የትኛውን ልተውልህ?» ብለን እንጠይቀው።