ጭነት ማራገፍ ብቻውን ልማት አይደለም

በ1990 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት የአሰብን መንገድ ከዘጋ ወዲህ የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ በአብዛኛው በጅቡቲ በር ይመላለሳል። ከባሕር የተነሣው ኮንቴይነር የጉምሩክ ሥርዓቱን ፈጽሞ ወደየባለቤቱ ከሚሠራጭባቸው ስፍራዎች ዋነኛው፣ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲጨመርበት ወደቡ የብሔራዊ ኤኮኖሚያችን አንዱ የደም ሥር ሆኖአል። ይህን ውጤት ልናንኳስሰው አይገባም።

ሆኖም አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ይነሣል፤ ኮንቴይነሩ ምን ይዞ ይገባል? ምንስ ይዞ ይመለሳል? በ2014 የበጀት ዓመት አገራችን ወደ ውጭ ከላከችው ሸቀጥ ያገኘችው 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ያስገባችው ዕቃ ዋጋ ከዚህ ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። ሞልቶ የመጣው ሣጥን ባዶውን ወደ ባሕር የሚመለስበት ጊዜ የሚበዛው ከዚህ የተነሣ ነው።

ቅራኔው ጎልቶ የሚታየው በዚያችው በሞጆ ነው። ከተማዋ በቆዳ ፋብሪካዎችዋ የታወቀች ናት። በ2000 ዓ.ም. በጥሬ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ቀረጥ ሲጣል ዓላማው ቆዳው በአገር ውስጥ ለፍቶ፣ ጫማና ቦርሳ ሆኖ እንዲወጣ ነበር። ዓላማው ትክክለኛ ነው። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት የበዓል ቆዳ ገዢ አጥቶ በየሰፈሩ ሲጣል፣ በባዕድ አገር የተሠራ ጫማ በኮንቴይነር ይገባል። ቀረጥ ብቻውን ፋብሪካ አያቆምም፤ ኬሚካል፣ የውጭ ምንዛሪና የሠለጠነ እጅ ሲጓደል ሕጉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

አንዳንዶች ከእርሻ የወጣው ወጣት በጫኝና አውራጅነት ስለተሰማራ መዋቅራዊ ለውጥ ተገኝቷል ይላሉ። ይህ የተሳሳተ አመለካከት ነው። በቀን ሒሳብ የሚያድር ሠራተኛ የሥራ ዋስትና የለውም፤ በክሬን የሚነሣው ሣጥን በበዛ ቁጥር የእርሱ ትከሻ ፈላጊ ያጣል። በ1956 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኮንቴይነር መጓጓዣ በለንደን ወደቦች በሺህ የሚቆጠሩ ወዛደሮችን ከሥራ አፈናቅሎአል፤ ሮያል ዶክስ የተሰኙትም በ1981 እ.ኤ.አ. ተዘግተዋል። እኛ ማሽንን አንቃወምም። የምንቃወመው የማሽኑ ትርፍ ለጥቂቶች፣ ሥራ አጥነቱ ግን ለብዙኃኑ የሚደርስበትን አሠራር ነው።

ስለዚህ በወደቡ ዙሪያ ላሉ አምራቾች የግብዓትና የምንዛሪ ቅድሚያ ሊሰጥ፣ ጫኝና አውራጁም ክሬን አንቀሳቃሽና መካኒክ እንዲሆን ሊሠለጥን ይገባል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የታሰበው የዝቅተኛ ደመወዝ ውሳኔም የቀን ሠራተኛውን ጭምር ሊደርሰው እንደሚገባ አበክረን እናሳስባለን። ባዶውን የሚመለሰው ኮንቴይነር በሠርቶ አደሩ ምርት ሲሞላ፣ ያን ጊዜ ሞጆ የባዕድ ሸቀጥ ማራገፊያ መሆንዋ ቀርቶ የአገር ምርት መውጫ በር ትሆናለች!