የዩሪያን ያህል ባቄላና ሽምብራም ይታሰቡ

የክረምት እርሻ በተቃረበ ቁጥር በክልላችን የገጠር ቀበሌዎች ቀዳሚው መነጋገሪያ ዩሪያ ነው። ገባ፣ አልገባም፣ ለአንድ አባወራ ስንት ኪሎ ደረሰ ይባላል። በ2015 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ አርሶ አደሮች ማዳበሪያ አጣን ብለው ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አቤት ማለታቸው አይዘነጋም። ከውጭ በዶላር እስከተገዛ ድረስ ይህ ጭንቀት በአንድ ዓመት የሚያልቅ አይሆንም።

በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 46 ኪሎ ነው። ከማሳው በላይ ካለው አየር ደግሞ 78 ከመቶው ናይትሮጅን ነው። ጤፍና ስንዴ ይህን በቀጥታ መውሰድ አይችሉም። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስርና አኩሪ አተር ግን በሥራቸው እባጭ ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ይጠቀሙበታል። አርሶ አደሩ ባቄላ በተነሳበት ማሳ ገብስ ወይም ስንዴ የሚያስከትለው ጥቅሙን ከማንም ቀድሞ ስላወቀ ነው። ምርምር የጨመረለት፣ የተሻሉትን ባክቴሪያዎች መርጦና አባዝቶ ከዘር ጋር ተለውሶ የሚዘራ ሕያው ማዳበሪያ ማዘጋጀቱን ነው። አገር ውስጥ ይመረታል፤ ለሩብ ሄክታር የሚበቃው 125 ግራም በኪስ ይያዛል። ዩሪያ ግን በአህያ ነው የሚጫነው።

ታዲያ ለምን አልተስፋፋም? በእኛ እምነት ችግሩ አቅርቦቱና አያያዙ ላይ ነው። ባክቴሪያው ሕይወት ያለው ነገር ነው። በቆርቆሮ መጋዘን ከዩሪያ ጆንያ ጎን ከከረመ ይሞታል፤ አርሶ አደሩም ሞክሮት ካልሠራለት ዳግመኛ አይጠይቅም። የሽምብራው ለባቄላ አይሆንም። ዘሩ ጥላ ሥር ተለውሶ ሳይውል ሳያድር መዘራት አለበት። ይህን ማሳ ድረስ ወርዶ የሚያሳይ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ በስብሰባ ላይ የሚነገር መመሪያ ብቻውን አይበቃም። በጎጃምና በአዊ ደጋማ ቦታዎች እንዳለው ባለ አሲዳማ አፈር ላይም ኖራ ካልቀደመ ውጤቱ ይደክማል። ፎስፈረስም ያስፈልጋል። ዩሪያን ጨርሶ ያስቀራል ብለንም አንሰብክም።

ነገሩ ከማሳ አልፎ ማዕድም ይነካል። በ2008 ዓ.ም በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። እህል የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬ አለው፤ ጥራጥሬ የሚጎድለውን ደግሞ እህል ይሞላል። ሽሮ በእንጀራ የሚበላው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም ማለት ነው። የሽሮ እህል ዋጋ በናረ ቁጥር ግን ገበሬው ሽምብራውን ሸጦ ለልጁ እንጀራ በበርበሬ ሊያቀርብ ይገደዳል።

የክልሉ ግብርና ቢሮ ለዩሪያ ወረዳ በወረዳ ፍላጎት እንደሚያሰባስብ ሁሉ ለተሻሻለ የጥራጥሬ ዘርና ለሕያው ማዳበሪያም ያሰባስብ። ዩኒየኖች ቢያንስ ማቀዝቀዣ ያለው አንድ ክፍል ያዘጋጁ። በደምቢያና በምንጃር መረሬ መሬት ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ ከነሐሴ መጨረሻ አንስቶ በመሆኑ ትዕዛዙ ከሰኔ ሊያልፍ አይገባም።