የቤታችን ትንሽ ጣቢያ

ልጆቻችን ቪዲዮ ሲያምራቸው እጃቸው ወደ ስልክ ነው የሚሄደው። ቴሌቪዥኑ ሥር አቧራ የጠጣውን ካርቶን የሚያስታውሰው የለም። ከዚራ ባለው ቤታችን ካርቶኑ ውስጥ አሥራ አንድ የቪዲዮ ካሴትና አርባ የሚሆኑ የድምፅ ካሴቶች ነበሩ፤ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ነፍሳቸውን ይማርና አማቼ ጅቡቲ ሲሠሩ በመንገደኛ እጅ የላኳቸው የድምፅ ደብዳቤዎች። የልጅ ልጆቻቸው የእኚህን ሰው ድምፅ ሰምተው አያውቁም።

ካሴት ደግሞ አይጠብቅም። ክሩ ላይ የተለበጠው ማግኔት ከዓመት ዓመት ይደክማል፤ ሙቀትና አቧራ ያፋጥኑታል። ሁለቱንም ድሬ በነጻ ታድላለች።

የድምፁ ሥራ ቀላል ነው። የቴፑን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በሽቦ ከኮምፒውተሩ የድምፅ ማስገቢያ ጋር ማገናኘት፣ ኦዳሲቲ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም መክፈት፣ መቅዳት። የስልሳ ደቂቃ ካሴት ስልሳ ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም፤ ቡና እያፈላችሁ ይቀዳል። ለቪዲዮው በዩኤስቢ የሚሰካ መቅረጫ ያስፈልጋል፤ ከእሱ በላይ ያስቸገረን ግን የሚሠራ የካሴት ማጫወቻ ማግኘት ነበር። በመጨረሻ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ከሁለት የሞቱ ማጫወቻዎች አንድ ሕያው አወጣልን።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው «የት እናስቀምጠው?» ሆነ። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጄ «ዩቲዩብ ላይ እንጫነውና ሁሉም ይየው» አለ። አማቴ ቆጣ አሉ፦ «የአያትህን ድምፅ ገበያ ልታወጣው ነው እንዴ?» እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። የሠርጋችን ቪዲዮ ውስጥ ያሉት ሰዎች፣ ዓለም እንዲያያቸው ፈቃድ አልሰጡንም። በፍላሽ እየገለበጡ ማደልም አያዋጣም፤ ፍላሽ ይጠፋል።

መፍትሔው ጄሊፊን የሚባል ሶፍትዌር ሆነ። በ2011 ዓ.ም. ኤምቢ የተባለው ተመሳሳይ ሶፍትዌር ኮዱን ለሕዝብ መክፈቱን ሲያቆም፣ ያልተስማሙ ሰዎች ክፍት የነበረውን ኮድ ይዘው ለብቻቸው ቀጠሉ፤ ጄሊፊን ያኔ ተወለደ። ኮዱን ማንም ሊያየው፣ ሊያሻሽለው ይችላል፤ ክፍያ የለውም። ለነገሩ ሁላችሁም የምታውቁት ቪ.ኤል.ሲ፣ ያ ብርቱካናማ የመንገድ ምልክት ያለው ማጫወቻ፣ የዚሁ ወገን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ፓሪስ ያሉ የምህንድስና ተማሪዎች በግቢያቸው ኔትወርክ ቪዲዮ ለመተላለፍ ብለው የጀመሩት ነው። ፈረንሳዮች ለድሬ ከባቡሩ ሌላም ያበረከቱልን ነገር አለ ማለት ነው።

አሠራሩ ይኸው። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሁልጊዜ እንደበራ ይቀመጣል፤ ጄሊፊን እሱ ላይ ይጫናል፤ ፋይሎቹ ያሉበት ፎልደር ይነገረዋል። ከዚያ በቤቱ ዋይፋይ የተገናኘ ስልክ ሁሉ ብሮውዘሩ ላይ የላፕቶፑን አድራሻ ጽፎ፣ ሁለት ነጥብ አድርጎ 8096 ሲጨምር፣ የካሴቶቹ ዝርዝር ፊቱ ይመጣል። ለስልክና ለአንድሮይድ ቴሌቪዥን የራሱ መተግበሪያም አለው። አድራሻው በየጊዜው እንዳይቀያየር ራውተሩ ላይ ቋሚ ማስደረግን አትርሱ። ቪዲዮው ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ስለሚሄድ ፓኬጅ አይቆርጥም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ ስንቱ ቤት ዝም ብሎ ነበር! ይህ ግን ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

ለድሬ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ፋይሉ ስልኩ ወይም ቴሌቪዥኑ የማያውቀው ዓይነት ከሆነ ላፕቶፑ እያጫወተ በዚያው ይለውጠዋል፤ ያኔ እንደ ምጣድ ይግላል። ስለዚህ ሁሉንም አስቀድሞ ኤምፒ-ፎር፣ በውስጡም ኤች 264 በሚባለው ዓይነት አስቀምጡት፤ አብዛኛው ስልክ ያለ ለውጥ ያጫውተዋል። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በልከኛ ጥራት አንድ ጊጋባይት ያህል ቢወስድ ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑን ባትሪው ይይዘዋል፤ ራውተሩ ግን ወዲያው ይሞታል።

ለወላጅ የሚጠቅመው ክፍል ደግሞ ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ ይከፈትለታል። ትንሿ ልጄ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ብትሞክር አይከፍትላትም። ማን የትኛውን ክፍል እንደሚያይም የሚወስነው የቤቱ ሰው ነው።

ይህን ከማንም በላይ የተጠቀሙበት አማቴ ናቸው። ካሴቶቹን አንድ በአንድ መጀመሪያ ብቻቸውን ሰሟቸው። ከደብዳቤዎቹ በአንዱ ሁለተኛ ገጽ አማቼ የሚናገሩት ያለ ምርቃት ከቤት ስለወጣው የበኩር ልጃቸው ነበር። «ይኼኛው ለልጆቹ አይደለም» አሉ፤ «ለእሱ ብቻ ነው።» ልጄ የተለየ ክፍል አበጅቶ ያን አንድ ፋይል ብቻ አስቀመጠበት፤ መግቢያውን ለአጎቱ ሰጠው። እሁድ ከሳቢያን መጣና የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። ገጹ ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ እሱ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። ሲገባ የእናቱን ጉልበት ሳመ፤ የጠየቀው የለም።

የቀረው ሁለተኛ ቅጂ ነበር። ላፕቶፕ ይበላሻል፣ ይሰረቃል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ለተረፉትም ስንት ቤት የአንድ ፎቶ እንኳ ሳይተርፍለት ቀርቷል። ቅጂው የግድ ሌላ ቤት መቀመጥ አለበት። የእኛ ሃርድ ዲስክ ሳቢያን፣ አጎትየው ዘንድ ነው። በየሁለት ወሩ ይዞት ይመጣና አዲስ የተቀዳውን ገልብጦ ይመለሳል። ያልተቀዱ ስድስት ካሴቶች ይቀሩናል።